በንጉሡ ሠ

ሰገነት የገንፎ ዱቄቱን ከረጢት ከመደርደሪያው አውርዳ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ቢጫው ቀለም እሷ የምታመርተው ገንፎ ቀለም ነው። ማንኪያ ጨብጣ የምትስቀው ሕፃንም የራሷ ልጅ ርሆቦት ናት፤ ጥርስ በምታወጣበት ሰሞን በረንዳ ላይ ያነሳቻት ፎቶ ነው። ስሙ ላይ ስትደርስ ግን ዓይኗ ቆመ። እሷ በራሷ ስም ያስመዘገበችው የንግድ ምልክት፣ ሰገነት፣ በእሳቱ ሰ ይጻፋል። ይሄኛው በንጉሡ ሠ ነበር።

"ይሄን ማን ነው የሚያመጣልህ?" አለችው ባለሱቁን ዱሬሳን።

"አንድ ባለባጃጅ። ምነው፣ ከአንቺ ዘንድ መስሎኝ?"

"የእኔ አይደለም።"

ምልክቱን ካስመዘገበች ወዲህ ከየካ እስከ የካ አባዶ ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ መደርደሪያ ማየት አንዱ ሥራዋ ሆኗል። "ስምሽን አንቺ ካልጠበቅሽው ማንም አይጠብቅልሽም" ብሏት ነበር ጠበቃዋ ኃይለጊዮርጊስ። ብዙውን ጊዜ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ዛሬ ግን ተጠርታ ነው የመጣችው። ጋዲሴ የምትባል እናት ጠዋት ደውላ፣ ቁጣ በሌለበት የደከመ ድምፅ፣ "የእርስዎን ገንፎ ካበላሁት ጀምሮ ልጄን ትውከቱ አልተወውም። ሆስፒታል ተኝተናል" አለቻት። የገዛችው ከዱሬሳ ሱቅ ነበር።

ሰገነት የከረጢቱን አፍ ቀደደችው። የሻገተ በቆሎ ሸተታት። ቆንጥራ ቀመሰችው፤ መረራት። እሷ የምትጨምረው አጃም ሽምብራም የለበትም።

ወጥታ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር ቆመችና ለኃይለጊዮርጊስ ደወለች።

"አገኘሁት። የልጄን ፎቶ ሳይቀር ለጥፈውበታል።"

"ጥሩ። አሁን ስሚኝ፤ ሁለት ከረጢት ግዢና ደረሰኝ ተቀበይ። ለማንም ምንም እንዳትናገሪ። ከነቁ መጋዘናቸውን ያሸሹታል፤ ከዚያ ማንን እንከሳለን?"

"የፍርድ ቤቱ እግድ መቼ ይወጣል?"

"ሳምንት፣ ምናልባትም ሁለት ሳምንት።"

"እስከዚያ ይሸጣል ማለት ነው?"

"ወሬው ከወጣ እኮ" አለ ኃይለጊዮርጊስ ቀስ ብሎ፣ "ሰው ፊደል አይለይም። የሚያስታውሰው ስሙን ነው። የምትጠፊው አንቺ ነሽ። አብረውሽ የሚሠሩትን ሴቶችም አስቢ።"

ልክ ነበር። እህሏን የሚለቅሙላትና የሚያምሱላት ሴቶች ቀድሞ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ነበሩ። ወገባቸውን ያቀኑት እሷ ዘንድ ከገቡ በኋላ ነው። ስሙ ከሞተ ወደዚያው ሸክም ይመለሳሉ።

ተመልሳ ገብታ ከፈለች። ደረሰኙን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልትወጣ ስትል ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት በሩ ላይ ገጠመቻት።

"ዱሬሳ፣ የሰገነትን ገንፎ ስጠኝ" አለች ሴትየዋ።

ዱሬሳ አንድ ጊዜ ሰገነትን አየና እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። የሰገነት አንድ እግሯ ደጅ ወጥቷል። ሕፃኑ ከአንቀልባው አጮልቆ ያያታል።

"እህቴ፣ ተይው" አለች። "አትግዢው። አስመስለው የሠሩት ነው። ልጅ አሳምሟል።"

ሴትየዋ ደነገጠች። "እኔ ከዚህ ሌላ አብልቼው አላውቅም። ታዲያ ደህናውን በምን ልለየው?"

ሰገነት ስለ ፊደሉ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ግን ዛሬ በንጉሡ ሠ ያተመ ሰው ነገ በእሳቱ እንዳያትም ምን ያግደዋል? ያን ጊዜ ይህች ሴት ፊደሉን አይታ፣ እውነተኛው ነው ብላ አምና ለልጇ ታበላዋለች።

"አትለዪውም" አለቻት። "ለጊዜው ሰገነት የሚል ነገር እንዳትገዢ። ለጎረቤቶችሽም ንገሪ።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"ሰገነት እኔ ነኝ።"

ሴትየዋ ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻትና ልጇን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ስልኳን እያወጣች ሄደች። የአባዶ እናቶች በቴሌግራም አንድ ቡድን እንዳላቸው ሰገነት ታውቃለች። ሳይመሽ ሁሉም ይሰማል።

"ዱሬሳ፣ ሁሉንም አውርደው" አለች።

"ባለባጃጁ ያመጣውን አወርዳለሁ። ያንቺንስ?"

"የእኔንም።"

ዱሬሳ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ሰገነት ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ ወደ ውስጥ ገብታ የራሷን ከረጢቶች ታወርድ ጀመር።