የሸማኔ ወፎቹ ሴትዮ
መምህሩ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ በሙዚየሙ አዳራሽ ስለ አራዊትና ስለ ዕፅዋት ለሕዝብ መናገር ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። የሚሰማው ሰው ቢበዛ ሃያ ነው። ከሃያው ሁለት ሦስቱ ዝናብ ለማሳለፍ የገቡ ናቸው፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ገና ንግግሩ ሳይጀመር ያንቀላፋሉ። መምህሩ ግን "ዕውቀት ገበያ አይደለም" እያለ ራሱን ያጽናናል። ሥዕሎቹን የምትሥልለት፣ ከኋላ ተቀምጣም በፕሮጀክተር የምታሳይለት ሚስቱ ናት። በዚያ ሁሉ ዓመት አዳራሹ ውስጥ ድምፅዋን የሰማ የለም።

ስለ ሸማኔ ወፎች ሊናገር በተዘጋጀበት ቅዳሜ ጠዋት ጉሮሮው ተዘጋ። በጨው ውሃ ቢጉመጠመጥ፣ አንገቱን በሻርፕ ቢጠመጥም ድምፅ የሚባል ጠፋ። ቢቸግረው ወረቀት ላይ "አንቺ አንብቢልኝ" ብሎ ጻፈላት።

"እኔ? ሰው ፊት?"

"ቃል በቃል" ብሎ ጨመረና ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ሁለት ገጽ ቃል በቃል አነበበች። ሦስተኛው ላይ ቀና ስትል የሽማግሌው አንገት ሲያዘነብል አየች፤ ወረቀቱን አጠፍ አድርጋ አስቀመጠችው።

"ይኸውላችሁ፣" አለች፣ "ከወጥ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት አንድ ዛፍ አለ። ወንዱ ከጠዋት ጀምሮ ሣር እየሰነጠቀ ጎጆውን ይሸምናል። ሲጨርስ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገፈገፈ ይጣራል። ሴቷ መጥታ ትገባለች፤ ሣሩን በአፏ ሳብ ሳብ ታደርገዋለች። ካልጣማት እብስ ነው። እሱም የለፋበትን አፍርሶ ሀ ብሎ ይጀምራል። አንዱን ስድስት ጊዜ ሲያፈርስ ቆጥሬያለሁ፤ አንጀቴን ነው የበላው።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ነቅተው "ሰባተኛውንስ ወደደችለት?" ሲሉ ጠየቁ።

"ሰባተኛውን ነፋስ ወሰደበት።"

ሰው ሁሉ በአንድ አፍ "ውይ" አለ።

መምህሩ ፕሮጀክተሩ አጠገብ ሆኖ ከአንገት በላይ ፈገግ አለ። ውስጡ ግን አረረ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን "ውይ" ያለለት ሰው አልነበረም።

ድምፁ በተመለሰ ሰሞን የሙዚየሙ ኃላፊ ደወለችለት። "ጋሼ፣ እንኳን ተሻለዎት። ሰው እየደወለ አስቸገረን፤ የሸማኔ ወፎቹን ሴትዮ ነው የሚፈልገው። የሚቀጥለውንም እሳቸው ቢናገሩ ምን ይመስልዎታል?"

"እነግራታለሁ" አለ። ሦስት ቀን ሙሉ አልነገራትም። በአራተኛው ቀን ኃላፊዋ ለራሷ ለሚስትየው ደወለችላት። ሚስቱ ስልኩን ዘግታ ወደ እሱ ዞረች።

"ረስቼው ነው" አለ።

"እሺ" አለች። ያቺ "እሺ" ከስድብ ባሰችበት።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ንግግሯን ጨርሳ ጥያቄ ሲፈቀድ ከኋላ በኩል አንድ እጅ ወጣ፤ የመምህሩ እጅ ነበር።

"በዓለም ላይ ስንት ዓይነት ሸማኔ ወፍ አለ? ምደባቸውስ በምን በምን ነው?" አለ። እንደማታውቀው ልቡ ያውቃል።

ፊቷ ቀላ። "አላውቅም" አለች። "እኔ የማውቀው በመስኮቴ የሚታዩኝን ብቻ ነው። ጠያቂው ባለቤቴ ነው፤ ይህን ደግሞ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እስቲ ዞር በሉና እሱ ይንገራችሁ።"

ሁሉም ዞረ። መምህሩ ተነሥቶ "ከመቶ በላይ ነው" ብሎ ምደባውን አንድ ባንድ ይተነትን ጀመር። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንገቶቹ አንድ በአንድ ወደ እሷ ተመለሱ። ነገሩን ሳይጨርስ ተቀመጠ።

ወደ ቤት ሲሄዱ የሥዕሎቹን ጥቅል እሷ ይዛ ትንሽ ራቅ ብላ ትራመድ ነበር።

"አውቀህ ነው የጠየቅከኝ" አለችው።

"አዎ" አለ። "ቀንቼ ነው።"

ቆም አለች። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከኋላ ተቀምጬ አንተ በሥዕሎቼ ስትናገር፣ እኔስ ያልቀናሁ ይመስልሃል?"

ይህ አንድም ቀን ታስቦት አያውቅም። ጥቅሉን ተቀበላት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜውን በየተራ ተካፈሉት። በእሷ ተራ ፕሮጀክተሩ ጋ የሚቀመጠው እሱ ነው። ቅናቱ ለቀቀው ለማለት ግን አያስደፍርም፤ ሳቁ ሲበዛ ሥዕል መቀየሩን ሆነ ብሎ ያዘገያል። እሷም ሥዕሉን በምታመለክትበት በትር ወለሉን ኳ ኳ ታደርጋለች፤ ያኔ ይቀይራል።