ጋሽ ደረስን እውነት የተናገሩ ዕለት

ጋሽ ደረስንን እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ማን ያስታውሰዋል? ዕድሜያቸውን ሙሉ የእግር ተጓዦችን ከፊት ሆነው ሲመሩ፣ ሰው በደከመው ቁጥር «አይዟችሁ፣ ደረስን» ሲሉ፣ ስሙ ተለጥፎባቸው ቀረ። አልደረሱም እኮ። ገና የግማሽ ቀን መንገድ ይቀራል። እሳቸው ግን ዓይናቸውን በጨው አጥበው «ደረስን» ይላሉ።

ውሸቱ ደግሞ እንደ አገሩ መልክ ይለያያል። ደጋ ላይ ከሆኑ «ያቺን ጉብታ እንዳለፍን ነው» ይላሉ፤ ከጉብታዋ ኋላ ሌላ ጉብታ ቆማ ትጠብቃለች። ጫካ ውስጥ ጉብታ ስለማይታይ ጆሯቸውን ቀስረው «ወንዙ አይሰማችሁም?» ይላሉ፤ ተጓዡም ቆም ብሎ ያዳምጥና፣ ጉድ ነው፣ ይሰማኛል ብሎ ይቀጥላል። ሐይቅ ዳር ዳሩን ሲሄዱ ውሸቷ ኩርባ ናት። ያስቸገራቸው በረሃው ነው። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ፣ ምኑን ምን ላይ ይደብቁታል? እዚያ በግራር ይሠራሉ። «ድንኳናችን ያቺ ግራር ጋ ነው» ይላሉ። በረሃ ላይ ግራር ሁሉ እኅትማማች ነው፣ ማን ከማን ይለየዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ሰው መንገድ ላይ ቀርቶባቸው አያውቅም። ሰው መጨረሻው የቀረበ ሲመስለው እግሩ ይታዘዝለታል፤ የጋሽ ደረስን ሙያ ይኸው ነው።

መዘዙን ያመጣው የጥርስ ሐኪሙ ነው። ሰውየው በረሃውን ሲያቋርጥ ግራር በግራር ላይ ቢደራረብበት፣ አንዷ ሥር ዘርፈጥ ብሎ «የእኔ ቤት እዚህ ነው፣ እናንተ ሂዱ» አለ። ስንት ተለምኖ ነው የተነሳው። ከተማ እንደገባ በቀጥታ ወደ አስጎብኚ ቢሮው መጣ፤ ደንበኞች ቁጭ ብለው ባሉበት ካልሲውን አወለቀና ውሃ የቋጠረ ተረከዙን ሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛ ላይ፣ ከእስክሪብቶ ማስቀመጫው አጠገብ አሳረፈው።

ሥራ አስኪያጇ የጋሽ ደረስን ልጅ ናት።

«አባዬ፣ በቃ» አለች ሐኪሙ ጫማውን አድርጎ ሲወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ለደንበኛ የሚነገረው ትክክለኛው ርቀት ነው፣ ይህ መንገድ የሚለካ ሰዓቴ ላይ የሚወጣው ቁጥር። አንዲት ‹ደረስን› ከአፍህ ብትወጣ ዕቃ ቤት ትገባለህ።»

ዕቃ ቤቱ ከቢሮው ጀርባ ያለ፣ እርጥብ ድንኳን የሚሰጣበት፣ መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ክፍል ነው። እዚያ የገባ ሰው ቦርሳና ከዘራ ሲያከራይ ውሎ ቤቱ ይገባል። ሰማይ ሳያዩ መዋል ለጋሽ ደረስን ከነነፍስ መቀበር ነው።

«አባትሽ እኮ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ለዚህ እኮ ነው ያስጠነቀቅኩህ። ሌላ ሰው ቢሆን አባርረው ነበር። በሚቀጥለው ጉዞ ራሴ አብሬ እመጣለሁ፤ በጆሮዬ ልስማው።»

መጣችም። ጉዞው ከሸለቆው ተነስቶ በጫካው በኩል አምባው ላይ የሚያወጣው ነበር። የሚታደርበት ጎጆ ያለው አናቱ ላይ ነው፤ ጓዙን በቅሎዎቹ ቀድመው ወስደውታል። ተጓዦቹ አንድ ደልደል ያለ የባንክ ሠራተኛና ፋርማሲ ያላቸው ሁለት እኅትማማቾች ናቸው። ልጅቱ ራሷ ቢሮ ከገባች ወዲህ ከፎቅ ደረጃ ሌላ ዳገት ወጥታ አታውቅም፤ ጫማዋ ከካርቶኑ የወጣው ያን ዕለት ጠዋት ነው። ጋሽ ደረስን ጫማውን አይተው አንድ ነገር ሊሉ አሰቡ። ኋላ ተዉት።

ጫካው መሀል የባንኩ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ጠየቀ። «ጋሼ፣ ብዙ ይቀረናል?»

ጋሽ ደረስን ልጃቸውን ዞር ብለው አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በጣም» አሉ።

ሰውየው ቀልድ መስሎት ፈገግ ብሎ ጠበቀ።

«እስካሁን የመጣነው ማሟሟቂያ ነው በለው» ቀጠሉ ጋሽ ደረስን። «ጫካው ሲያልቅ ዳገቱ ይጀምራል። ዳገቱ ሲያልቅ ሌላ ዳገት አለ፤ ዋናው እሱ ነው። ከዚያ ትንሽ ቁልቁለት አለች። እሷ ለምንም አትሆንም፤ የወረድከውን መልሰህ ነው የምትወጣው።»

ሰውየው ወደ ልጅቱ ዞረ። እሷም ሰዓቷን አይታ፣ ሳትወድ በግዷ፣ «እውነቱን ነው» አለች።

ጋሽ ደረስን እውነት እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማን ነግሯቸው። ሳይጠየቁም ይናገሩ ጀመር። «ጉልበት መክዳት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።» «እዚህች ድንጋይ ላይ ባለፈው አንዱ አልቅሷል።» ታላቅየዋ እኅት አንድ እውነት በሰማች ቁጥር አንድ ጊዜ ትቀመጣለች። ታናሽየዋ ታላቋን ታነሳና ራሷ ትቀመጣለች። ልጅቱ አባቷን በጎን እየገላመጠች ትሄዳለች፤ ምን ትበል፣ ያለችውን ነው የፈጸሙት።

ዋናው ዳገት ሥር ሲደርሱ ሁሉም ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ። አልተነሱም። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናብ ከመጣ ያ መንገድ ጭቃ ሆኖ ሰው አያስወጣም፣ እዚያ ደግሞ መጠለያ የሚሆን ነገር የለም።

ልጅቱ የአባቷን እጅጌ ጎተተች። «አባዬ፣ አንድ ነገር በላቸው እንጂ።»

«ምን ልበላቸው? የቀረውን ነግሬያቸዋለሁ። ከፈለግሽ እደግመዋለሁ።»

«አትድገመው።»

ጋሽ ደረስን ከከንፈራቸው ጥግ ፈገግታ ሊያመልጣቸው ሲል ዓይናቸው እግሯ ላይ አረፈ። በአንድ እግሯ ነው የቆመችው። የሌላው ካልሲ ተረከዙ ላይ ደም አርሶታል። ጠዋት ስለ ጫማው ዝም ማለታቸው ቆጫቸው፤ እልሁም ደስታውም ባንዴ ጠፋ። ሦስቱ ካልተነሱ እሷም እዚያው ዝናብ ሊወርድባት ነው። ዕቃ ቤቱም ዕቃ ቤት ይሁን ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ልጅቱ ቀደመቻቸው።

«ጭሱ አይታያችሁም እንዴ?» አለች ወደ ተቀመጡት ዞራ።

ጭስ የለም። ደመና ነው ያለው።

«የት?» አለ የባንኩ ሰው።

«ያው፣ ከቋጥኙ በላይ። ጎጆው ነው፤ እራት እየሠሩልን ነው።»

«ሰዓትሽ ግን ገና ብዙ…»

«ሰዓቱ ዞሮ የሚሄደውን የበቅሎ መንገድ ነው የሚቆጥረው» አለች ዓይኗን ሳታሽ።

ታናሽየዋ እኅት አፍንጫዋን ወደ ላይ አነሳች። «እውነትም ሽንኩርት ይሸተኛል» ብላ ቦርሳዋን አነገተች፤ ሌሎቹም እየተንጠራሩ ተነሱ።

ጋሽ ደረስን የከፈቱትን አፍ መዝጋት ረሱ። እሳቸው በኖሩበት ዘመን በግራር ዋሽተዋል፣ በኩርባ ዋሽተዋል። ግራሩም ኩርባውም ግን ቢያንስ ነበሩ። ከባዶ ሰማይ ጭስ አስነስተው አያውቁም።

ዝናቡ የያዛቸው ጎጆው ደጃፍ ላይ ነው። ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር፤ አብሳዩ ገና እንጨት እየፈለጠ ነው። የጭሱን ነገር ግን ማንም አላነሳም። የባንኩ ሰው አልጋው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ «ያን ያህል እንኳ ሩቅ አይደለም» ሲል ተሰማ።

ልጅቱ እግሯን ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀመጠች። አባቷ ፋሻ ይዘው ከፊቷ በርከክ አሉ።

«አባዬ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የዕቃ ቤቱን ነገር ተወው። እስቲ ይህችን ዓመት ብቻ ከፊት ሆነህ ምራልኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታርፋለህ። ትንሽ ናት የቀረችው፣ ቁጭ ብለህ መጦር ነው።»

ጋሽ ደረስን ቀና ብለው አዩዋት። ይህን ለስላሳ ድምፅ ያውቁታል፤ ለስንቱ ደካማ ሲሸጡት የኖሩት ነው፣ ለራሳቸው ግን የሸጠላቸው ሰው አልነበረም። ከዚህች ዓመት ኋላ ሌላ ዓመት፣ ከዚያ ኋላም ሌላ ቆሞ እንደሚጠብቃቸው ወለል ብሎ ታያቸው።

«እውነትሽን ነው?» አሉ፣ እግሯን ከውሃው አውጥተው ጭናቸው ላይ እያደረጉ።

«አባቴ ይሙት» አለች።

መዋሸቷ ገባቸው። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።