ሱፓፕ እስኪወርድ

«ወረደ?»

«አልወረደም።»

«ታዲያ ምን ትጎረጉራለህ፤ ተወው። ሱፓፕን የሚያስቸኩለው የለም።»

«አለቃ ይቆጣል እኮ።»

«ይቆጣ። ሳይወርድ የከፈተውን ሰው ፊት አይተሃል?»

ከዚህ በኋላ የተባባሉትን አላስታውስም። ልጅ ነበርኩ። ለአባቴ ምሳ ይዤ ወደ ባቡር መጠገኛው ሄጄ፣ የቆመ የእንፋሎት ባቡር ጥላ ሥር ተቀምጬ ስጠብቀው ከበላዬ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ። ፊታቸውን አላየሁም። አንዱ ያለውን ለሌላው ሰጥቼው እንደሆነም አላውቅም። ልቤ ውስጥ የቀረው ሱፓፕ ነው። ሰው መስሎኝ ነበር፤ ባቡሩ አናት ላይ ወጥቶ አልወርድም ያለ፣ አለቃ እንኳ የማያዘው ሰው። ማታ እናቴን «ሱፓፕ የማን አባት ነው?» ብላት ሳቀች እንጂ አልመለሰችልኝም። እሷም የምታውቀው አይመስለኝም።

ሰውየውን ያገኘሁት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ በገዛ ቤቴ፣ በድስት ክዳን ላይ ነው።

ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ሑዳዴና ረመዳን የተገናኙበት ዓመት። መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ቀበሌ ባከራየን ግቢ፣ በአንድ ወገን እኔና ባለቤቴ ሣህሉ፣ በሌላው ወገን ቱሪያና ባሏ ተማም እንኖር ነበር። ተማም የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ዛሬ ጅቡቲ፣ ነገ አዲስ አበባ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ እነሱ ሲሰግዱ እሰማለሁ፤ እኔ ስጸልይ ይሰማሉ። መስማት ለእኔ ሸክም ሆኖብኝ አያውቅም። ፊደልም የቆጠርኩት ወንድሞቼ ሲማሩ ከበር ኋላ ቆሜ እየሰማሁ ነው።

የቱሪያ እናት ኪንሲ ከጀልዴሳ ገጠር የመጣችው ከብቶቿ ካለቁ በኋላ ነው። ግቢው ሁሉ «ሆዮ» ይላታል፤ በሱማሌኛ እናት ማለት ነው። ጥርስ የላትም። ከተማ የሚበላውን ሁሉ ቀምሳ መልሳዋለች፤ ፓስታው ክር ነው፣ ሩዙ ውሃ ነው፣ ሾርባው የበሽተኛ ነው እያለች። የምትፈልገው አምቡሎ ነበር። ደቃቅ ቀይ ቦሎቄ ማታ ተጥዶ፣ በለዘብተኛ እሳት ሲንተከተክ አድሮ፣ ቅርፊቱና ውስጡ ሲዋሃድ የሰሊጥ ዘይትና ስኳር ጠብ ይደረግበታል። በደኅና ጊዜ ይህ ቁም ነገር አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን ከሰል ኬላ ላይ እየተያዘ፣ ቀፊራ ገበያ የሚገኘው ብናኙ ብቻ ሆነ። ቱሪያ ባገኘችው ፍም ትጥደዋለች፤ ቦሎቄው ሳይበስል እሳቱ ይሞታል። ሆዮ አንዲቱን ፍሬ ድዷ ላይ ስታንከባልል ቆይታ ትተፋና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ረመዳን ሲገባ፣ አሮጊትና ደካማ ነሽና አለመጾም ተፈቅዶልሻል ቢሏት፣ «እኔ ሳልጾም ማን ይጾምልኛል» ብላ ጾመች። ማፍጠሪያው ሲደርስ ሻይ ትጠጣለች፤ ሌላ የለም። ክንዷ መቋጠሪያ ክር መሰለ። አንድ ቀን ቱሪያ በግድግዳው ማዶ ስታለቅስ ሰማኋት። ድምፅ አልነበረውም፤ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ስወጣ በሩ ላይ አገኘኋት።

«እትዬ ማዘንጊያ፣» አለችኝ፣ «እናቴ ኢድን ከእኛ ጋር የምትውል አይመስለኝም።»

ተማም ኮኮት የሚሏትን ድስት ከጅቡቲ ይዞ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በትራስ ልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ገባ። ሲገልጣት የምታብረቀርቅ፣ ወፍራም፣ ከጎኗ የኤሌክትሪክ ገመድ የተንጠለጠለላት ድስት ናት። ክዳኗ እንደ ሌላ ድስት ተከድኖ የሚተው አይደለም፤ ዞሮ ይቆለፋል።

«የኬላው ፊናንስ እንዴት አሳለፈህ?» አለ ሣህሉ።

«ታገላት፣ ጋሽ ሣህሉ። ክዳኗ እንቢ አለው። ‹ምን አለባት?› አለኝ። ‹ምንም› አልኩት። ‹ምንም ከሌለባት ለምን አትከፈትም?› አለ። ላብ ሲያጠምቀው ‹ወግድ፣ ውሰድልኝ› ብሎ ሰደደኝ።» ተማም ክዳኗን መታ መታ አደረገ። «እሳት አትፈልግ፣ ከሰል አትፈልግ። የግመል ሥጋ ወላሂ ቅቤ ነው የምታደርገው።»

ይህን ብሎ ወደ ሣህሉ ተመለከተ። የመብራት ቆጣሪው ያለው እኛ ቤት ነው። ወደ እነሱ የሚሻገረው ሽቦ አንድ አምፖል ከመሸከም አያልፍም፤ ኮኮቷ ከተሰካችበት ግቢውን ሁሉ ታጨልማለች። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን።

«የግመል ሥጋ እኔ ቤት አይቀቀልም፣» አለ ሣህሉ። «አትቀየመኝ፣ ተማም።»

«ምን ያስቀይመኛል፤ አንተ ያረድከውን እኔስ እበላለሁ?»

እውነቱን ነው። ልጃችንን ስንድር ለሙስሊም እንግዶቻችን በጉን ያረደው ተማም ነው፤ ድስታቸውም ጭልፋቸውም ለብቻ ነበር። በዚህ ተቀያይመን አናውቅም።

ሣህሉ ሆዮ ወደተኛችበት በር አየ። «እስከ ፋሲካ ቤታችን ሥጋ አይገባም። ለሆዮ ቦሎቄ ከሆነ ትሰካ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያኔ እናየዋለን» አለ።

የባቡሩ ጩኸት ተሰማ። ተማም ጃኬቱን ትከሻው ላይ እየጣለ ሲሮጥ ለሚስቱ የሆነ ነገር ተናገራት። እኔ ከቤት ውስጥ ስለነበርኩ ቃሉን አልለየሁም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ቱሪያ የታጠበውን ቦሎቄ ይዛ መጣች። ሆዮም በልጇ ትከሻ ተደግፋ ገብታ፣ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ውሃ ጨመርን፣ ክዳኑን አዙረን ቆለፍን። እኔ በልቤ አማተብኩ፤ ቱሪያ «ቢስሚላህ» ብላ ሰካችው።

ለብዙ ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከውስጧ ማጉረምረም ተነሣ። ክዳኗ ላይ ካሉት ነገሮች አንዷ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቀይ ነገር፣ ማንም ሳይነካት ብድግ አለች። ወዲያው ደግሞ ከመሃል «ሽሽሽ» የሚል ትንፋሽ ወጣ። ቱሪያ ወደ በሩ ሸሸች። ሆዮ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «ዝም በሉ ትላለች» አለች።

ዝም አልን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድስት ከፍቼ ያየሁ፣ አማስዬ የቀመስኩ፣ ጨው ያነሰ እንደሆነ የጨመርኩ ሴት ነኝ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በማላየው ነገር ፊት እንዲህ ተቀምጬ አላውቅም፤ ከቤተ ክርስቲያን በቀር። መጋረጃው ተዘግቶ ካህናቱ ውስጥ ሲሆኑ፣ እኛ ከውጭ የምንሰማው ድምፃቸውን ብቻ ነው፤ ግን የሚሆነው እየሆነ ነው። ድስትን ከዚያ ጋር ማወዳደር ድፍረት እንዳይሆንብኝ ሐሳቤን ሰበሰብኩ። ጆሮዬ ግን አልተሰበሰበልኝም።

ቱሪያ፣ ተማም በቃ ያላት ጊዜ ሲደርስ፣ ነቀለችው። «አሁን ይውረድ፣» አለች።

«ምኑ?»

«ድስቱ ነዋ። ሲሄድ ‹ሱፑ ሳይወርድ ክዳኑን እንዳትነኪ› ብሎኛል። ሱፕ በፈረንሳይኛ ሾርባ ነው። ሾርባው ይውረድ ማለቱ ነው።»

ወጥ በስሎ ከእሳት ሲነሣ ወረደ እንላለን፤ ስለዚህ ቃሉ አልከበደኝም። በጨርቅ ይዘን፣ ፊታችንን አዙረን፣ ከጠረጴዛው ወደ መሬት አወረድናት። ቱሪያ ተንበርክካ ክዳኑን ለማዞር ታገለች። አልሄደም። እኔም ጨመርኩበት። አልሄደም።

«የዚያ ፊናንስ እርግማን ነው፣» አለች። «መዶሻ የለሽም?»

መዶሻ ነበረኝ። ልነሣ ስል ግን ጆሮዬ ያዘኝ። ከውስጧ ቀጭን፣ የታፈነ ትንፋሽ ይሰማል፤ ሩቅ መንገድ ሄዶ እንደ ደረሰ ሰው።

«ቆይ፣» አልኳት። «ተማም ያለሽን ራሱ እንዳለው ንገሪኝ፤ ሳትተረጉሚው።»

ቱሪያ የባሏን ድምፅ አወፍራ፣ «‹ሱፓፑ ሳይወርድ እንዳትነኪ፣ ሱፓፑ!›» አለች። «ሱፓፑ፣ ሱፑ፤ ያው አይደለም?»

እጄ ከክዳኑ ላይ በራሱ ተነሣ። ከባቡሩ ጥላ ሥር የተቀመጠችው ልጅ እዚያው ነበረች፤ የምሳው ሳህን ጭኗ ላይ፣ ድምፆቹ ከበላይዋ። ወደ ቀዩዋ ቁልፍ አየሁ። የድስቷ አናት ላይ ወጥታ ቁጭ ብላለች።

«እሱ ነው፣» አልኩ። «አልወረደም። ሳይወርድ አይነካም።»

«ማን?»

«ሱፓፕ። እንፋሎቱ ወጥቶ ሳያልቅ የማይወርደው።»

ሦስታችን መሬት ላይ፣ ዙሪያዋን ተቀምጠን ጠበቅን። ያልተነሣው መዶሻ መካከላችን ያለ ይመስለኝ ነበር። ትንፋሹ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። ጠፋ ስል እንደገና ይሰማል። በመጨረሻ «ጠብ» የሚል ድምፅ መጣ፤ አንዲት የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮ ላይ ስታርፍ የምታሰማው ዓይነት። ቀዩዋ ቁልፍ ወረደች። ክዳኑን በሁለት ጣቴ ባዞረው ተከፈተ።

እንፋሎቱ ሲገለጥ አምቡሎው ታየ። ያ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሲበላ የሚያድረው ቦሎቄ፣ ቅርፊቱ ቅርፊት መሆኑን ረስቶ፣ በገዛ ራሱ ፈዛዛ ቀይ መረቅ ውስጥ ተኝቷል። ቱሪያ በማንኪያ ጫን አድርጋ ሞከረችው፤ መጫንም አላስፈለጋትም። «ማን አበሰለው?» አለች፣ እኔን ሳይሆን ክፍሉን እየጠየቀች። እውነትም እኛ ምንም አላደረግንም።

አዛን ሲል ሆዮ በተምር አፈጠረች። ሳህኑን ተቀብላ የመጀመሪያዋን ማንኪያ አፏ ውስጥ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ሳትተፋ ቆየች። ሁለተኛ ጎረሰች። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ወደ ልጇ ዘረጋችው፤ ጨመረችላት። ቱሪያ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር የምትጨምረው። እኔም የዕለቱ የጾም ሰዓቴ ካለፈ በኋላ፣ በሰሊጥ ዘይት የተሠራ የጾም ምግብ ነውና፣ ከዚያችው ድስት አብሬያት በላሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሆነ። ድስቷ «ሽሽሽ» ማለት ስትጀምር ግቢው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሆዮ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያለ ድጋፍ በረንዳ ድረስ መውጣት ጀመረች። ሣህሉ መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ቦምብ እንዳለ ሰው በጥግ በጥግ ነበር የሚሄደው፤ በኋላ ከሚሠራበት ፋብሪካ ሲመለስ ወንበሩን አስጠግቶ «ወረደ?» ማለት ለመደ። ሽምብራ አሳየሁት፤ አተር አሳየሁት። አንገቱን እየነቀነቀ ይበላል።

ቅዳሜ ሹር ዕለት፣ ማምሻውን፣ ሣህሉ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ ይዞ መጣ።

«የሰፈሩ ሽማግሌ ነው ይኼ፣» አለ እያገላበጠው። «በከሰል ከሆነ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አይበስልም። በኮኮቷ ብናደርገውስ?»

ከመንገድ የገባው ተማም ከበሩ ላይ ሰማ።

«እንዴ ጋሽ ሣህሉ። ያንተ ዶሮ ከገባባት እኮ እኛ አንበላባትም። እኔ ለኢድ ግመሌን አዝዣለሁ።»

«ግመል በእኔ መብራት?»

«ዶሮ በእኔ ድስት?»

«ያለ መሰኪያዬ ብረት ናት።»

«ያለ ድስቴ መሰኪያህ የግድግዳ ቀዳዳ ነው።»

ሁለቱም ፈገግ እንደ ማለት ብለው ነበር፤ ሆኖም ማናቸውም ቃሉን አላነሣም። ቱሪያ አልሳቀችም። አንደኛው ሥጋ እንደ ገባ ነገሩ ያልቃል፤ የእኛ ከገባ ሆዮ አትበላባትም፣ የእነሱ ከገባ ሣህሉ ይነቅላታል። ኮኮቷ ጠረጴዛው ላይ የሆዮን አምቡሎ ይዛ ትተነፍሳለች።

ሆዮ ከምንጣፏ ላይ ሆና በሱማሌኛ ተናገረች። ቀስ ብላ፣ እንደ መምከር። ሁሉም ወደ ቱሪያ ዞሩ።

«‹አያችኋት ወይ› ትላለች፣» አለች ቱሪያ። «‹አፏን ዘግታ ነው የምትውለው። ቢያስገድዷትም አትከፍትም። ሰዓቷ ሲደርስ ራሷ ትከፍታለች። ይህቺ ድስት...›» ቃሉን ፈለገች፤ አላገኘችውም።

«ሶመን፣» አለች ሆዮ ራሷ።

ተማም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጾመኛ ናት ነው የምትለው» አለ።

«‹ጾመኛን አታስፈቱ፣›» አለች ቱሪያ። «‹እናንተ የእናንተን ትፈታላችሁ፤ እኛም የእኛን። እሷ ግን ለሁላችሁም ትጹም።›»

የድስቷ ትንፋሽ ቤቱን ሞልቶት ነበር። የዓርቡ ስግደት ጉልበቱ ላይ ያለበት ሣህሉ የዶሮውን እግር እንደያዘ ድስቷን አያት፤ ሆዮን አያት።

«ዶሮውን እኔ እንጨት ፈልጬ አበስለዋለሁ፣» አለ። «ገመዱም እዚያው ይሁን። አልነቅለውም።»

ሁላችን ተማምን አየነው። ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ።

«ሥጋ የማይነካት ኮኮት ከጅቡቲ ያስገባሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፣» አለ። ሆዮ ቀና ብላ ታየው ነበር። ከጠረጴዛው ላይ «ጠብ» አለ፤ ሱፓፕ ወረደ። ተማም ክዳኗን ራሱ ከፈተ፤ እንፋሎቱ ፊቱን አልፎት እስኪሄድ ቆመ፤ ከዚያ አዛን ሲል ለአማቱ ሳህን አቀረበ።

«እሺ ሆዮ፣» አላት። «ትጹም።»