መንገዱ ክፍት ነው

ጀሊላ ረቡዕ ከጠዋት ጀምራ አባቷ ዘንድ አሥራ ሰባት ጊዜ ደወለች። አሥራ ሰባቱንም ጊዜ የመለሰችላት ስልኩ አይሠራም የምትለው የተቀዳች ድምፅ ናት።

አባቷ ሙሀመድየሱፍ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ሰኞ ወረታ ላሉ ደንበኞቻቸው ዕቃ ሊያደርሱ ሄደው፣ «ማክሰኞ ለምሳ ቤት ነኝ» ብለው ነበር። ማክሰኞ ምሳም አለፈ፣ እራትም አለፈ። እናቷ ከሳሎን ወደ በር፣ ከበር ወደ ሳሎን ሲመላለሱ ዋሉ። ወንድሟ መስዑድ ደግሞ ከስልኩ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ከውጭ አገር የሚተላለፍ አንድ ቻናል ይከታተላል፤ የአገር ውስጥ ጣቢያ የሚባል ነገር ማመን ከተወ ቆይቷል፤ እህቱ የምትሠራበትንም ጭምር።

«ሃምሳ መኪና ተቃጥሏል ይላሉ» አለ ረቡዕ ጠዋት። «ነጋዴዎችም ተገድለዋል።»

«የት ሆነው አዩ?» አለች ጀሊላ።

«ያንቺዎቹስ የት ሆነው ነው የሚያዩት?»

እናታቸው ሁለቱንም በዓይናቸው ገሠጿቸው። ጀሊላ ሻርፏን አስተካክላ ወጣች።

በከተማዋ ካሉት የኤፍ ኤም ጣቢያዎች በአንዱ የቀን ዜና ማንበብ ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ድምፅዋን ባጃጅ ነጂው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች ሁሉ ያውቁታል። የዚያን ቀን ግን ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት። ውኃ ልትጠጣ ትነሳለች፣ ሳትጠጣ ትመለሳለች። ለስድስት ሰዓት ተኩሉ ዜና የተዘጋጀው ወረቀት ሲደርሳት ሦስተኛው ዜና ላይ ዓይኗ ተተከለ።

«ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ክፍት መሆኑንና የትራንስፖርት አገልግሎቱም በተለመደው መልኩ መቀጠሉን የሚመለከተው ቢሮ አስታወቀ።»

ወረቀቱን ይዛ ዋና አዘጋጁ አቶ ወልደ ሐዋርያት ቢሮ ገባች።

«ይህን ማን አረጋገጠው?»

«ደብዳቤ መጥቷል። ማኅተም አለው» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ።

«አባቴ እዚያ መንገድ ላይ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ አልገቡም።»

አቶ ወልደ ሐዋርያት መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እኔም እኅቴ እንፍራንዝ ናት» አሉ። «ካገኘኋት ሦስት ቀኔ ነው። ግን አላገኘኋትም ብዬ ዜና ልሠራ ነው? ደብዳቤ ያለው ወሬ እናነባለን፤ ደብዳቤ የሌለውን አናነብም። ሌላ ምን መያዣ አለን?»

«ቢያንስ ‹ከመንገደኞች ማጣራት አልቻልንም› እንበል።»

«እንዲህ ካልን ቢሮውን ዋሽተሃል እንዳልነው ነው የሚቆጠረው። አንብቢው፣ ጀሊላ። ሰዓት ደረሰ።»

አነበበችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ በኋላ ሲያናድዳት የኖረው ይኸው ነበር።

ሙሀመድየሱፍ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገቡ። ሚኒባሱ ከከተማዋ መግቢያ፣ ዘንዘልማ ላይ አውርዷቸው በባጃጅ ነው የመጡት። ልብሳቸው አቧራ ጠጥቷል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ሌላ ምንም አልሆኑም። እናቷ «አልሐምዱሊላህ!» እያሉ አለቀሱ። ጀሊላ ከሥራ ስትደርስ አባቷ ታጥበው፣ ሰግደው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ምን ሆናችሁ ነው፣ አባ?»

«ከወረታ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ማን እንደዘጋው አላየሁም። ከፊት የቆሙት አንድ ነገር ይላሉ፣ ከኋላ ያሉት ሌላ ይላሉ። መመለስም አልተቻለ፤ ስልክም አልሠራ። ሁለት ሌሊት መኪና ውስጥ አደርን። የገጠሩ ሰው ቆሎና ውኃ አመጣልን፤ አላህ ይስጣቸው። ዛሬ ጠዋት ድንጋዩ ተነሥቶ አለፍን።»

«መኪና ተቃጥሏል?» አለ መስዑድ።

«የምን መቃጠል! ማንም ማንንም አልነካም። ፀሐይና ረኃብ ነው እንጂ።»

ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። ጀሊላ የቀረ ነገር እንዳለ ገባት።

«ምነው፣ አባ?»

«ረቡዕ ቀን ላይ ሹፌሩ ራዲዮ ከፈተ። አንቺ መጣሽ። መንገዱ ክፍት ነው አልሽ።»

መስዑድ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ።

«ሰዉ ሳቀ መጀመሪያ። የደስታ ሳቅ አይደለም። ከዚያ አንዱ ውሸታም ብሎ ሰደበሽ። አንዲት ሕፃን ያቀፈች ሴት ደግሞ ‹ይህችስ መንገድ ላይ የቀረ ዘመድ የላትም?› አለች።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እኔማ ዝም አልሁ።» ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «ልጄ ናት ማለት አቃተኝ። ከአራት ዓመት ወዲህ ለማያውቀኝ ሰው ሁሉ ልጄ ናት ስል የኖርሁ ሰውዬ፣ ያን ቀን አፈርሁ። ይቅር በይኝ።»

ጀሊላ ማልቀስ ፈለገች፤ አልመጣላትም። ተነስታ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። ስትመለስ ስልኳን የመቅጃው ገጽ ላይ አድርጋ አባቷ ፊት አስቀመጠችው።

«አሁን ያሉኝን ሁሉ ይድገሙልኝ። ያላዩትን አላየሁም ይበሉ።»

«ስሜን ግን አትጥሪ።»

«አልጠራም።»

ዓርብ ጠዋት አቶ ወልደ ሐዋርያት ቅጂውን ሁለት ጊዜ ሰሙት። ጠረጴዛቸውን በጣታቸው መቱት። እኅታቸው አሁንም አልተገኘችም።

«ማን እንደዘጋው አላየሁም የሚለውን አትቁረጪው» አሉ በመጨረሻ። «ማንም ማንንም አልነካም የሚለውንም።»

«አንድም ቃል አልቆረጥሁም።»

«እንግዲህ ይሂድ። የሚመጣውን አብረን እናያለን።»

ሄደ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ። ጀሊላ ከቅጂው በፊት፣ «ረቡዕ ዕለት መንገዱ ክፍት ነው ብለን ነበር። በዚያው ሰዓት መንገዱ ላይ የነበሩ አንድ ነጋዴ የሚሉትን ያድምጡ» አለች። ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ዜናው ሳያልቅ የአቶ ወልደ ሐዋርያት ስልክ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ አላረፈም። ከአንድ ቢሮ የደወሉት ጣቢያው የጠላት አፍ ሆኗል አሉ። ከሕዝቡ የደወሉት ግማሾቹ አመሰገኑ፤ ግማሾቹ ደግሞ ‹ማንም ማንንም አልነካም› የሚለው ወንጀል ለመሸፈን የተቀነባበረ ነው አሉ።

ማታ መስዑድ ፊቱ ተለዋውጦ እህቱ አጠገብ መጣ። ያ የሚከታተለው ቻናል የአባቱን ድምፅ ቆርጦ አቅርቦታል። መንገዱ በድንጋይ መዘጋቱን የተናገሩበት አለ፤ የቆሎውና የውኃው ነገር ወጥቷል። ማንም አልተነካም ያሉበት ላይ ሲደርስ አቅራቢው አስቁሞት፣ «ይህ ነጋዴ ሳይሆን ተገዝቶ የተናገረ ካድሬ ነው» ይላል። ከሥር ሦስት ሺህ ሰው አስተያየት ጽፏል።

«አባቴን እኮ ነው» አለ መስዑድ። «ሰውዬው አባቴን እኮ ነው ካድሬ የሚለው።»

«ታዲያ ጻፍላቸው።»

«ጻፍሁ። አንተም ካድሬ ነህ አሉኝ።»

ጀሊላ ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን መልሶ አውጥቶ ያነብ ነበር።

የአባቷ ስም ባይጠራም ገበያው ድምፃቸውን ለየው። አንድ የቆየ ደንበኛ፣ «ሰላም በሰፈነበት አገር ሕዝብ ያስደነግጣሉ» ብሎ ሱቃቸውን እያለፈ ከጎረቤት መግዛት ጀመረ። የዚያው ጎረቤት ወንድም ደግሞ፣ «ለመንግሥት ተናገርክ» ብሎ ሰላምታ ነሳቸው። ሙሀመድየሱፍ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቃቸው ውስጥ ራዲዮኑን ከፍ አድርገው መስማት አላቋረጡም፤ ማነች ብሎ ለሚጠይቃቸውም፣ «ልጄ ናት» ይላሉ።

ጀሊላ በሳምንቱ ከቀን ዜና ተነሳች። እሑድ እሑድ የአድማጮችን የዘፈን ምርጫ እንድታቀርብ ተመደበች። ቅሬታ አላቀረበችም፤ ግን እንቅልፏ ቀነሰ። ዘፈን ስታስገባ፣ አድማጭ ስታሰናብት፣ አሁን የትኛው መንገድ ላይ ማን ቆሞ ይሆን እያለች ታስባለች። የአቶ ወልደ ሐዋርያት እኅት በደኅና ተገኘች። እሳቸውም ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀሊላን ጠርተው፣ «በጠዋቱ ፕሮግራም አንድ ደቂቃ አለችኝ» አሏት። «አስተያየት የለ፣ ማብራሪያ የለ። መኪናው ከየት ተነሣ፣ ስንት ሰዓት ደረሰ። ትችያለሽ?»

አሁን በየማለዳው አውቶቡስ መናኸሪያ ትሄዳለች። ከሚገቡት መኪኖች አጠገብ ቆማ ሹፌሮችንና መንገደኞችን ትጠይቃለች። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት የትኛው ወገን እንደሆነች ነው። አንዳንዱ መቅጃውን ሲያይ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። አንዳንዱ ያላየውን ጨምሮ ይነግራታል፤ ይህኛው ይብስባታል።

ባለፈው ማክሰኞ ከጎንደር አቅጣጫ ከገባ መኪና አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ ፅጌ ማርያም የሚባሉ፣ ዘንቢላቸውን ተሸክመው ወረዱ። ጀሊላ ጠጋ ብላ ዘንቢሉን ተቀበለቻቸውና መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀቻቸው።

«ራዲዮ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አልናገርም። እናንተ የሰውን ቃል ትጨምራላችሁ፣ ትቀንሳላችሁ።»

«እንደተናገሩት ነው የማስቀምጠው።»

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ባጃጆቹ ይጮኻሉ፤ ከኋላ ያለው ሹፌር ዞር በሉ እያለ ጥሩምባ ይነፋል። ጀሊላ ሰዓቷን ማየት ፈልጋ ራሷን ከለከለች።

«ሦስት ቦታ ወርደን ተፈትሸናል» አሉ ፅጌ ማርያም። «ሦስት። ሁለት እንዳትይ፤ አራትም እንዳትይ።»

ዘንቢላቸውን ተቀብለዋት ወደ ባጃጆቹ ሄዱ።