ለአንድ ሰው የታዘዘ

ከይጁቤ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ወለተ ሐዋርያትን በስስት የሚያማ ሰው ቢፈለግ አይገኝም ነበር። የቄስ ገዳሙ ሚስት ናት። ቤቷ የገባ ሳይቀምስ አይወጣም፤ አንድ ልጇን እድላዊትንም ያሳደገቻት «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያለች ነው። መዘዙ የመጣው ከዚሁ ደግነቷ ነው ቢባል፣ እሷው ራሷ ካልተናገረች በቀር ማን ያምናል?

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ ክረምት ላይ፣ ቄስ ገዳሙን ታይፎይድ ጣላቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው እንክብል ታዘዘላቸው፤ ጥቂት ቀን ወስደው ትኩሳቱ በረድ ሲልላቸው ድኛለሁ ብለው ተዉት። ሰፈሩ የሚጠጣው ከአንድ ምንጭ ነውና ያኔ ትኩሳት ያልገባበት ቤት አልነበረም። ወለተ ሐዋርያት የተረፈውን እንክብል ቋጥራ ቤት ለቤት ዞረች፤ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ ሦስት። የወሰደው ሁሉ ቀለል አለው፣ ቀለል ሲለው ደግሞ የቀረችውን ለሌላው አካፈለ። ያልመረቃት ሰው አልነበረም።

ጥቅምት ላይ ተራው የእድላዊት ሆነ። ጤና ጣቢያው ያንኑ የአባቷን መድኃኒት አዘዘላት፤ አንድም ሳታጎድል ዋጠችው፤ ትኩሳቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ኋላ ያ ጨዋታ አዋቂ አንደበቷ ተዘጋ። ዓይኗ ተከፍቶ ያያል፣ ሰው ግን አይለይም፤ ቢጠሯት አትመልስም። ዓይነ ጥላ ነው ያለም ነበረ። አባቷ ጸበል አስጠመቋት፤ ሆኖም ሕክምናውም ከእግዜር ነው ብለው ማርቆስ ሆስፒታል እንድትወሰድ ቆረጡ። በቃሬዛ ከተሸከሟት ሰዎች ፊተኛው ጎረቤታቸው ቢያዝን ነበር፤ ተቀየር ቢሉት እንኳ እሺ አላለም።

ሐኪሙ ልጅ እግር ቢሆንም የሚቸኩል ሰው አልነበረም። ደሟን አስመርምሮ፣ ያው ታይፎይድ ነው አላቸው፤ አንደበቷን የያዘው ጭንቅላቷ ድረስ ዘልቆ ነው፣ ይህም በብዙ ሰው ላይ አይታይም፤ ጀርሙ ደግሞ የተለመደውን መድኃኒት ተላምዶታል። ወለተ ሐዋርያት እንዴት ሊላመድ ቻለ ብላ ጠየቀችው። ሰው መድኃኒቱን ጀምሮ ሲተወው፣ ወይ እየተካፈለ ጥቂት ጥቂት ሲውጠው፣ ደካማው ጀርም ይሞትና ብርቱው ተርፎ ይራባል፣ ከዚያም ወደ ሌላው ያልፋል ሲል አስረዳት። የልጅሽ ከየት እንደመጣ ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም አላት። እሷ ግን አወቀች። ደግ ሥራ የሠራች መስሏት የዞረችባቸው ደጆች ሁሉ ባንዴ ፊቷ ላይ ቆሙ።

ሌላ መድኃኒት በመርፌ ተሰጥቷት ትኩሳቱ ለቀቃት። ሐኪሙ አንደበቷ ቀስ ብሎ ይመለሳል ብሎ፣ የሚዋጥ ኪኒን ጨምሮ ሸኛቸው፤ አንድ እንኳ ብትጎድል በሽታው ዞሮ ይመጣል ሲልም አጥብቆ አስጠነቀቀ። ቤት ከገቡ በኋላ የወለተ ሐዋርያት ሥራ አንድ ብቻ ሆነ፤ ልጇ መደብ አጠገብ ተቀምጣ ማውራት፣ ከዚያ መልስ መጠበቅ። እድላዊት አሁን ሰው ትለያለች፣ ፈገግም ትላለች። ቃል ግን የለም።

አንድ ረፋድ ላይ ቢያዝን ትንሹን ልጁን ታረቀኝን ታቅፎ ገባ።

«እትዬ ወለተ፣ ልጁ እንደ እሳት እየፋጀ ነው። ከእድላዊት መድኃኒት ሁለት ፍሬ ብቻ ስጪኝ።»

ልጇን በትከሻው የተሸከመላት ሰው ነው። ሌላ ነገር ቢሆን፣ ከጉሮሮዋ አውጥታ ትሰጠው ነበር።

«አልሰጥህም» አለችው።

ቢያዝን አልተቆጣም። ልጁን ደረቱ ላይ አጥብቆ አቀፈው፤ ይህ ደግሞ ከቁጣው ይብሳል። የሐኪሙን ነገር እየተንተባተበች ነገረችው፤ ሁለት ፍሬ ልጁን እንደማያድነው፣ እሷም ክረምት ላይ ያደለችው እንክብል ምን እንዳመጣባት። የሰማት አይመስልም ነበር። እንዲህ እያሉ ሳለ ከመደቡ ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እምዬ፣ ከኔ ስጪው።»

ወለተ ሐዋርያት ያን ሁሉ ቀን ደጅ የጠናችለት ቃል ነው። ልጇ ተመለሰች፤ የተመለሰችውም ራሷ እንዳሳደገቻት ሆና ነው። እላይዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት ራሷም አላወቀችውም።

«አይሆንም፣ ልጄ» አለቻት ቀና ብላ። የቀኑን ኪኒን አውጥታ፣ ቢያዝን ዓይኑ እያየ፣ በውሃ አስዋጠቻት። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «በል ተነሥ፣ ማርቆስ እንውሰደው። የራሱን ይዘዙለት።»

ቢያዝን ልጁን እንዳቀፈ ወጣ። ወለተ ሐዋርያት እድላዊትን ለአባቷ አደራ ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው። እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ፊት ፊቷ ሄደ፤ አንድም ጊዜ ዞር ብሎ አላያትም፣ እሷም ከኋላው አልቀረችም።