የፀዲ ትርፍ ጥርስ

የልጄን የሳምራን ትርፍ ጥርስ አላስነቅልም ብዬ ድርቅ ያልኩ ጊዜ ባሌ ኤጀታ አበደች ብሎ ነበር። ይበል። እሱ ቀኑን ሙሉ ከመገናኛ ኮተቤ ሚኒባሱን ሲያመላልስ ይውላል፤ እኔ እንጦጦ ሥር ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሜ ያየሁትን አላየም።

ታላቅ እህቴ ፀዲ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከላይ ከሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ኋላ እንደ ገብስ ፍሬ ሹል ያለች ሦስተኛ ጥርስ ነበረቻት። ከሞተች ከዓመታት በኋላ መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና፣ በቤተክርስቲያኑ አጥር ጥግ የተቀበሩት ሁሉ አፅማቸው ይነሳ ተባለ። ሄድኩ። የእንጨት መስቀሎቹ በስብሰው ወድቀዋል፤ ሳጥኖቹም አንዱ በአንዱ ላይ ተደርምሰዋል። ቆፋሪው የሁለት ሰው አፅም አውጥቶ ነጠላ ላይ አኖረና፣ የእርስዎ የትኛው ነው አለኝ። ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ኋላ ጎንበስ አልኩና አጠገቤ ባለው አፍ ውስጥ ጣቴን ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ሰደድኩ። ሹሏ ጥርስ አለች። "ይቺ ናት" አልኩ፣ ወስጄም በክብር አስቀበርኳት። ያቺን ጣቴን ስንቴ በሳሙና አሸሁ መሰላችሁ፤ ቅዝቃዜው አልለቅም አለኝ።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ሳምራን ሳሳድግ የኖርኩት። የፊት የወተት ጥርሶቿ ወለቁ፤ አንዱ ተተካ፣ አንዱ ግን ዓመት ቢጠበቅ ብቅ አልል አለ። የክፍሏ ልጆች ሲያሾፉባት ጊዜ በሳቀች ቁጥር አፏን በመዳፏ መሸፈን ጀመረች። ሲግናል አካባቢ ወዳለ ጥርስ ክሊኒክ ወሰድኳት። ዶክተር ሰልማ ራጅ አንስታ ኮምፒውተር ላይ አሳየችኝ። ከልጄ የፊት ጥርስ ኋላ፣ ድዱ ውስጥ፣ ያቺው ሹል ጥርስ ተዘቅዝቃ ተኝታለች። ራጁ ላይ ሳምራ ከንፈር የላት፣ ጉንጭ የላት፤ ያን ቀን ነጠላው ላይ ያየሁት አፍ ነው።

ዶክተሯ ደህና አድርጋ አስረዳችኝ። ርግማን አይደለም፣ በዘርም ይመጣል አለች። ትልልቅ ሰዎችም ሳያውቁት ይዘውት ይኖራሉ፤ ካላስቸገረ እየተከታተሉ መተው ነው። የሳምራ ግን የቋሚውን ጥርስ መውረጃ ስለዘጋች፣ ብትቆይ ታጣምመዋለች። በማደንዘዣ ድዱ ተከፍቶ ትወጣለች፤ ቋሚው ከዚያም ወዲያ በራሱ ካልወረደ በሽቦ ይሳባል። ይህን ሁሉ ሰምቼ ከአፌ ያመለጠኝ ሌላ ነው።

"እሷ ከወጣች ልጄን በምን አውቃታለሁ?"

ዶክተሯ ግራ ገባት፤ ሳምራም ከወንበሩ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ለዶክተሯ የፀዲን ነገር ነገርኳት። ምስኪን፣ ልታጽናናኝ ብላ ነው መሰለኝ፣ ትርፍ ጥርስ ብርቅ አይደለም፣ ከመቶ ሰው አንድ ሁለቱ ላይ ይገኛል አለችኝ። ደሜ ፈላ። የልጄን እጅ ይዤ እየጎተትኩ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የቆፋሪው ነጠላ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው። እዚያ ላይ ሁለት አፍ ነበር። ሁለተኛውን አልዳሰስኩማ!

ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚባል ነገር የለም። ሻማ ይዤ ወደ መቃብሩ ስወጣ ማንን ብዬ እንደማለቅስ ጠፋኝ። ቤት ስገባ ደግሞ የሳምራን አፍ አያለሁ። ኤጀታ ልጅቷን አሳክሚያት ሲለኝ ያቺ ጥርስ ምልክቷ ናት እላለሁ፣ እሱም ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። ሳምራ ጭራሽ ከሰው ፊት መብላት ተወች። አንድ ቅዳሜ ፀጉሯን ስሠራት ጭንቅላቷ ጉልበቴ መሃል ነው፤ ዞር እንኳ ሳትል ጠየቀችኝ።

"እማ፣ ልሞት ነው እንዴ?"

ማን አለሽ አልኳት። በምን አውቃታለሁ ስትዪ ሰማሁሽ አለችኝ። ልጄን በቁሟ ስቀብራት ነው የከረምኩት። ጎፈሬዋን በሻሽ አስሬ ያኔውኑ ይዣት ሄድኩ።

ዶክተር ሰልማ ቂምም አልያዘችብኝ፤ ቀጠሮ ሰጠችን፣ በቀኑም ጥርሷን አወጣቻት። እኔ እጇን ይዤ ነበር። ሲያልቅ ሳምራ መስታወት ለምና ያበጠ ከንፈሯን አየችና፣ በደነዘዘ አፏ "ከንፈሬ የማን ነው?" አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ጥጡን እንደነከሰች፣ ለሃጯ እየወረደ፣ ከልቧ ሳቀች። እጇን ወደ አፏ አላነሳችም።

ያኔ ነው ፀዲ ትዝ ያለችኝ። እሷም ስትስቅ አፏን ትይዝ ነበር፤ በሠርጓ ቀን እንኳ መዳፏ ከከንፈሯ አልወረደም። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው የደበቀቻትን ጥርስ እኔ ምልክቷ አደረግኳት። ዶክተሯ የሳምራን ጥርስ በፋሻ ይዛ ልስጥዎት ወይ ስትለኝ፣ ይጣል አልኩ። ልጄ ትስቃለች። ዓይኔን ጨፍኜ ፀዲንም ስትስቅ ላያት ሞከርኩ። የመጣልኝ እጇ ብቻ ነው።