መስኮቱ ላይ የተነሰነሰው ዱቄት

አዜብ ሰው ማመን አታውቅበትም። ግብፅ፣ ጊዛ ውስጥ አብረን በተከራየናት ምድር ቤት፣ የልጇ ትራስ ላይ የድመት ፀጉር ስታገኝ ቀጥታ ወደ እኔ ዞረች። ለደጃፋችን ድመት ፍርፋሪ የምጥልላት እኔ ነኝና። ቤት ግን አስገብቻት አላውቅም።

ልጇ ማኅሌት ስምንት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ሳለች ድመት ስትነካ ታስነጥስ ነበር፣ በቃ። እዚህ ግን ጥቅምት ሲገባ፣ ገበሬው የሩዝ ገለባ እያቃጠለ ሰማዩን ሲያጠቁረው፣ ደረቷ ያፏጫል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። እሁድ ዕለት ጭራሽ ትንፋሽ አጠራትና ተሸክመናት ሐኪም ቤት ሮጥን።

«ስሚኝ እማዋይሽ፣ ድመቷን አንድ ቀን ቤት ውስጥ ባገኛት ኸላስ፣ አበቃ፣ ሌላ ቤት ፈልጊ» አለችኝ ስንሄድ ታክሲ ውስጥ። ልጅቷ እቅፌ ላይ ነበረች። እንደ ራሴ ልጅ ነው የምወዳት።

አረብኛ የምችለው እኔ ስለሆንኩ የሐኪሙን ቃል እኔው ተረጎምኩ። ጭስ የመተንፈሻ ቧንቧዋን የውስጥ ሽፋን ያቆስለዋል አለ። የቆሰለው ሽፋን ድረሱልኝ እያለ ሲጣራ የሰውነቷ መከላከያ ይደነብራል። ከዚያ በኋላ ድሮ በማስነጠስ ብቻ የሚያልፈውን የድመት ብናኝ እንደ ወራሪ ይዋጋዋል፤ ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠብባል። ጭሱና ብናኙ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚብሰው።

አዜብ ትኩር ብላ አየችኝ። «ጭስ ያለው እሱ ነው ወይስ አንቺ?»

«ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ በሚቀጥለው የምታምኚውን አስተርጓሚ ይዘሽ ነይ» አልኳት። በግኜ ነበር።

በማግስቱ ማኅሌት ተሽሏት ትምህርት ቤት ሄደች፤ እኛም ጠዋት ለሥራ ስንወጣ አዜብ የበሩ ደፍና የእነሱ ክፍል መስኮት ጠርዝ ላይ የስንዴ ዱቄት ነሰነሰች። የድመት ኮቴ ልትይዝ ነው። ድመቷን ማን እንደሚያስገባት ለማወቅ እኔም ከእሷ የባሰ ቸኩያለሁ።

ስንመለስ የበሩ ዱቄት እንደነበረ ነው። መስኮቱ ላይ ግን የድመት ኮቴ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ አምስት ትንንሽ ጣቶች። ማኅሌት ከትምህርት ቤት መጥታ እኛ እስክንገባ ብቻዋን ናት። ለጓደኛዋ ለድመቷ መስኮቱን የምትከፍትላት እሷው ኖራለች። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ደግሞ ማይክሮባሶች ሞተር ሳያጠፉ ተሰልፈው ሰው ይጭናሉ።

አዜብ የቀረውን ዱቄት በጣቷ ጠረገችና ወደ መብራቱ አነሳችው። ጠዋት ነጭ የነበረው ጥላሸት ለብሷል። ሐኪሙ ያለው ጭስ ይኸው ጣቷ ላይ ነበር።

ይቅርታ ከአዜብ አፍ አይወጣም፤ እኔም አልጠበቅኩም። መስኮቱን ዘጋችና የማኅሌትን ፍራሽ እየጎተተች ወደ እኔ ክፍል አመጣችው። የእኔ መስኮት ወደ ጓሮ ነው የሚከፈተው፤ መኪና አይደርስበትም።

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ጋ ትተኛ» አለችኝ።

እንባዬ መጣ። እሷ ግን አላየችኝም፤ ጎንበስ ብላ አልጋዬ ሥር ድመት ትፈልግ ነበር።